ለእያንዳንዱ ጆሮ በልኩ፦ የመስሚያ መሣሪያ ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ



የመስሚያ መሣሪያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የማነስ ታሪክ ሆኖ ነው። ቀንድ የመሰለው የጆሮ መለከት በጠረጴዛ ላይ ወደሚቀመጥ ሣጥን፣ ሣጥኑ በደረት ላይ ወደሚንጠለጠል ዕቃ፣ ዕቃውም ከጆሮ ጀርባ ወደሚደበቅ ፍሬ ተለወጠ ይባላል። ትረካው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ሰሚው ብዙ አይነግረንም። እኔ ዛሬ የማቀርበው መሣሪያን በያንዳንዱ ሰው ጆሮ ልክ የማስተካከል ሐሳብ እንዴት እንደ ተወለደ፣ በማን እንደ ተነቀፈና በምን እንደ ጸና ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1800 ፍሬድሪክ ሬይን በለንደን የጆሮ መለከቶችን ለገበያ መሥራት ጀመረ። የዚሁ ድርጅት እጅግ የታወቀው ሥራ በ1819 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለዦአው 6ኛ የተሠራው ዙፋን ነው። የዙፋኑ ክንዶች አፋቸውን የከፈቱ አንበሶች ነበሩ፤ ባለጉዳይ ተንበርክኮ በአንበሳው አፍ ሲናገር ድምፁ በውስጥ ቱቦ አልፎ ወደ ንጉሡ ጆሮ ይደርስ ነበር። ዙፋኑ ለንጉሡ ማዕረግ በልኩ የተሠራ ነው፤ ስለ ንጉሡ ጆሮ ግን የዘመኑ ባለሙያ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የቤትሆቨንም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልሆነም። ዮሐን ሜልትዘል የተባለው የመካኒክ ሊቅ የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን መለከቶች ሠራለት፤ ሙዚቀኛው አንዱን ጥሎ ሌላውን እያነሣ ሞከረ፤ ከ1818 ጀምሮ ግን እንግዶቹ ሐሳባቸውን በደብተር እየጻፉ ያነጋግሩት ነበር። የሚለካ ነገር ባልነበረበት ዘመን ምርጫው ሁሉ ሙከራ ነበር።

ኤሌክትሪክ መጣ። ሚለር ሪስ ሃችሰን በ1898 አካባቢ የካርቦን ማይክሮፎን ያለው የመስሚያ መሣሪያ ሠራ። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው የታሪክ መታጠፊያ 1922 ነው። በዚያ ዓመት ሐኪሙ ፋውለርና የፊዚክስ ሊቁ ዌግል ዌስተርን ኤሌክትሪክ ለገበያ ያቀረበውን የመስማት መለኪያ፣ ማለትም ኦዲዮሜትር፣ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ «ጆሮው ከብዷል» የሚለው ጥቅል አነጋገር በወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ተሣለ። መስመሩም አንድ ነገር ገለጠ፤ የመስማት ጉድለት በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል አይወርድም። ብዙ ሰዎች ወፍራሙን ድምፅ በደኅና እየሰሙ ቀጭኑን ያጣሉ። በአማርኛ ብንወስደው «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው፤ የሁለቱም ተነባቢዎች ኃይል ደግሞ በቀጭኑ የድምፅ ክልል ይገኛል። እንዲህ ያለው ሰው «ትናገራላችሁ፣ ቃላችሁ ግን አይለይልኝም» ይላል። ለዚህ ሰው ድምፅን በጅምላ ማጉላት መድኃኒት አይሆነውም።

ታዲያ ምን ያህል ይጉላ? በ1944 ሳሙኤል ላይባርገር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሰዎች የሚመርጡት የማጉላት መጠን ከጉድለታቸው ግማሽ ገደማ መሆኑን አስተዋለ። ጉድለቱ 60 ዴሲቤል ከሆነ 30 ያህል ይበቃል ማለት ነው። ምክንያቱም የተጎዳ ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ ባይሰማም ከፍተኛው ድምፅ እንደ ጤነኛ ጆሮ ያውከዋል። የጎደለውን ሁሉ መልሶ መሙላት ሰውየውን በጩኸት መምታት ይሆናል።

በዚያው ዘመን ጦርነቱ መስማት የተሳናቸው ወታደሮችን ወደ ሆስፒታል እየላከ ነበር። ሬይመንድ ካርሃርት በፔንሲልቬንያ፣ በትለር ከተማ፣ በዴሾን የጦር ሆስፒታል ወታደሮቹ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን እንዲያደርጉ፣ በእያንዳንዱም የቃላት ዝርዝር እንዲያዳምጡ አደረገ፤ ከዚያም የተሻለ ያሰማው ተመረጠ። የምርጫ ዘዴውን በ1946 አሳተመው። ኦዲዮሎጂ የተባለው ሙያ በእግሩ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ተቃውሞውም ወዲያው ተነሣ፤ ተቃዋሚዎቹም ተራ ሰዎች አልነበሩም። በ1947 የታተመው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት አንድ ዓይነት፣ ወይም ወደ ቀጭን ድምፆች በመጠኑ ከፍ የሚል የማጉላት ስልት ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፤ ስለዚህ ለየግለሰቡ መምረጥ ብዙ ጥቅም የለውም አለ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሪፖርትም በዚያው ዓመት ወደ ተመሳሳይ ድምዳሜ ደረሰ። በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሲጀመር «ሜድሬስኮ» የተባለው መሣሪያ በነጻ ይታደል ጀመር።

ተማሪዎቼን በዚህ ቦታ ፈርዳችሁ እንዳትቸኩሉ እላለሁ። በነጻ ማደል ታላቅ የማኅበራዊ ፍትሕ ሥራ ነበር፤ ከኪሱ ከፍሎ መግዛት ያልቻለ ሰው ሰሚ ሆነ። የሃርቫርዶቹም ክርክር መሠረት ነበረው፤ በቃላት ዝርዝር ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ማበላለጥ አስተማማኝ አይደለም፤ የዛሬው ውጤት ነገ ሊለወጥ ይችላል። ካርሃርት ትክክለኛ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ መለኪያው ግን ለጥያቄው አልበቃም።

ክርክሩን የፈታው መለኪያው የሚቀመጥበት ቦታ መለወጡ ነው። ለረጅም ዘመን መሣሪያ የሚፈተሸው 2 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በሆነ የብረት ክፍል ውስጥ ነበር። የሰው ጆሮ ግን ብረት አይደለም። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ እንደ ዋሽንት በራሱ ያስተጋባል፤ በ2700 ሄርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች ያለ ምንም መሣሪያ ከፍ ያደርጋል። ቦዩን በመሣሪያ ስንደፍነው ይህን የተፈጥሮ ስጦታ እናጠፋለን፤ መሣሪያው በቅድሚያ ያጠፋውን መመለስ አለበት። በ1980ዎቹ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ወደ ጆሮ ታምቡር አስጠግቶ በዚያው ያለውን ድምፅ የሚለካ ማይክሮፎን ወደ ክሊኒኮች ገባ። ያን ጊዜ ያው መሣሪያ በሁለት ሰዎች ጆሮ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአበው ተረት የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ እዚህ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ በታምቡራችን አጠገብ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ ሳይለካ ባለቤቱም ሐኪሙም አያውቁትም።

ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በሕፃናት ላይ ነው። የሕፃን ጆሮ ቦይ ጠባብ ስለሆነ ያው መሣሪያ የሚያወጣው ድምፅ በውስጡ ይጠነክራል፤ ልዩነቱ በቀጫጭን ድምፆች ላይ ከ10 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል፤ ይህም የድምፅ ግፊቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። ሕፃኑ «በዛብኝ» ወይም «አነሰኝ» ብሎ አይናገርም። በካናዳ የዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሪቻርድ ሲዋልድና ጓደኞቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለሕፃናት የሚሆን የማስተካከያ ቀመር ያዘጋጁት ስለዚህ ነው። በአውስትራሊያም በርንና ቶኒሰን በ1976፣ በርንና ዲሎን በ1986 ያወጧቸው ቀመሮች ተከታዮቻቸው እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

በ1996 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑ መሣሪያዎች ለገበያ ቀረቡ፤ ኮምፒዩተሩ ሁሉን ያስተካክላል የሚል ተስፋም ተከተለ። በ2007 አዝና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ተስፋውን ገታው፤ በአምራቹ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ቅንብር ብቻ ከተሰጡት መሣሪያዎች 64 በመቶው ቢያንስ በአንድ ድግግሞሽ ከታለመው መጠን ከ10 ዴሲቤል በላይ ርቀው ተገኙ። በጆሮ ውስጥ ተለክተው ሲታረሙ አብዛኞቹ ወደ ዒላማው ገቡ። ማሽኑ አማካዩን ጆሮ ያውቃል፤ ወደ ክሊኒኩ የመጣውን ሰው ጆሮ ግን የሚያውቀው ሲለካ ነው።

የአካሉም ልክ እንደ ድምፁ ልክ ነው። ከጆሮው ቅርጽ ተወስዶ ያልተሠራ መሰኪያ ከላላ ድምፁ ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለስና ያፏጫል፤ ከጠበቀ ቆዳ ያቆስላል፤ አየር ማሳለፊያ ከሌለው ባለቤቱ የራሱን ድምፅ በእንስራ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሰማዋል። መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። በ2022 አሜሪካ ቀላልና መካከለኛ ጉድለት ላላቸው አዋቂዎች ያለ ባለሙያ የሚሸጥ መሣሪያ ፈቀደች፤ የ1947ቱ ክርክር በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ዋጋው ረክሶ ብዙ ሰው መድረሱ የሚናቅ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2001 አውጥቶ በ2004 ባሻሻለው፣ ለታዳጊ አገሮች በተዘጋጀው መመሪያው መሣሪያን ከአገልግሎቱ ነጥሎ አላየውም፤ ልክ መውሰድ፣ ማስተካከል፣ ባትሪና ክትትል አብረው ይሄዳሉ ብሏል። ከባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው መሣሪያ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ጆሮ የተቀመረ ነው። አዲሱን ባለቤት ሊያነሰው ወይም የቀረውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በልገሳ የሚመጣ መሣሪያ ቁጥር ሲነገረን ሁለተኛውን ቁጥር እንጠይቅ፦ ስንቱ በጆሮ ውስጥ ተለካ? ከዓመት በኋላስ ስንቱ በጆሮ ላይ አለ?

ሜድሬስኮ ለሁሉም እኩል ደረሰ፤ ይህ የመጀመሪያው ፍትሕ ነበር። ሁለተኛው ፍትሕ ለሁሉም በየልኩ ማድረስ ነው። አንደኛውን ለማግኘት በጀት በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለተኛው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን ማፍራት ደግሞ እንደ እኛ ያለ ተቋም ሥራ ነው።