ጃማይካ ለዕረፍት ለምትሄደው ተማሪዬ

ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ እኔና ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ጃማይካ ልንሄድ አስበናል። ሞንቴጎ ቤይ የባሕር ዳርቻ ሆቴል እያየን ነው። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ከባሕሩ ሌላስ ምን እንይ?» ትላለች። መልሴ ስለረዘመ እናንተም እንድታነቡት እዚህ ለጠፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እናንተን ሳስተምር የአትላንቲክን የባሪያ ንግድ በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው የጨረስኩት። ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣልኩ፣ «ፈተና ላይ ይመጣል» አልኩና ወጣሁ። ጃማይካን ያነሳሁት ደግሞ ለቀልድ ነበር፤ ጃንሆይን አምላክ የሚሉ ሰዎች አሉ ብዬ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ይሄንን የዘገየ ክፍለ ጊዜ አድርጊው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብትሄዱ ይሻላል። ሞንቴጎ ቤይም ጥሩ ነው። ግን የምትተኚበት ዳርቻ ምን እንደነበር እወቂ። እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1655 ከስፔን ነጠቁና የስኳር አገር አደረጓት። የዛሬዎቹ ሪዞርቶች ብዙዎቹ የተደረደሩት የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በነበሩበት ዳርቻ ነው። አገዳውን የሚያጭዱት፣ ጭማቂውን የሚያፈሉት ከአፍሪካ በሰንሰለት የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

እዚያው ከተማው መሀል ሳም ሻርፕ አደባባይ አለ። ከምንም በፊት እሱን እዪ። ሻርፕ በባርነት የተያዘ ግን ማንበብ የሚችል፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። እንግሊዝ አገር ባርነት ይቅር የሚል ክርክር መነሳቱን ከጋዜጣ ያነብና ለወገኖቹ ይነግራቸዋል። በ1831 አንድ ሐሳብ አመጣ፦ የገና ዕረፍት ሲያልቅ ደመወዝ ካልተከፈለን ሥራ አንገባም። የገና ሰሞን እነዚያ ሰዎች በዓመት ከሚያገኟቸው ብርቅ የዕረፍት ቀናት አንዱ ነው። ወቅቱ ደግሞ የአገዳ ምርት የሚሰበሰብበት ስለሆነ ጌቶቹን የሚያምበት ቦታ እዚያ ነበር።

ታኅሣሥ 27 ማታ ኬንሲንግተን የሚባለው እርሻ ተቃጠለ። ኮረብታ ላይ ስለነበር እሳቱ ከሩቅ ታየ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እስከ 60,000 የሚደርስ ሰው እንደተነሳ ይገመታል። ወታደሩ ግን በአጭር ጊዜ አፈነው። 14 ነጮች ሞተው ነበር፤ ከባሮቹ ወገን ግን በፍርድ ብቻ ከ300 በላይ ተገደሉ። ሻርፕ ግንቦት 23 ቀን 1832 በዚያው የገበያ አደባባይ ተሰቀለ። በዓመቱ የእንግሊዝ ፓርላማ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ አወጣ፤ ሙሉ ነፃነት የመጣው ግን በ1838 ነው።

ካሳ ተከፍሏል። 20 ሚሊዮን ፓውንድ። ለማን? ለጌቶቹ! ለባሮቹ አንድ ሳንቲም አልደረሰም። መንግሥት ለዚህ የተበደረው ገንዘብ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። አንቺ ከእኔ ክፍል ከወጣሽ በኋላ ማለት ነው።

ቁርስ ላይ አኪ ከጨው ዓሣ ጋር ያቀርቡልሻል፣ ብሔራዊ ምግባቸው ነው። አኪ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ፍሬ ነው። በጨው የደረቀው ዓሣ ከሰሜን አትላንቲክ በመርከብ የሚመጣ የባሮች ቀለብ ነበር። ብሬድፍሩት የሚሉትንም ካፒቴን ብላይ በ1793 ያመጣው ለባሮች ርካሽ ምግብ ይሆናል ተብሎ ነው። የመከራ ቀለብ የነበረውን ዛሬ እንግዳ ይጋብዙበታል። ቡናውንም ቅመሺ፤ የብሉ ማውንቴን ቡና ዘሩ ዞሮ ዞሮ ከእኛው አገር ነው።

ከቻላችሁ ጉዟችሁን ጥር 6ን እንዲጨምር አድርጉት፣ የእኛ የገና ዋዜማ ነው። ያን ቀን አኮምፖንግ በምትባል የተራራ መንደር ማሩኖች በዓል ያከብራሉ። ከእርሻው አምልጠው ተራራ ላይ የኖሩ፣ በ1739 እንግሊዝን ውል ያስፈረሙ ሰዎች ልጆች ናቸው። ታሪክ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ውሉ ከዚያ በኋላ የሚያመልጡ ባሮችን እንዲመልሱ ያስገድዳቸው ነበር።

በመጨረሻ፣ «ከየት ነሽ?» ይሉሻል። ኢትዮጵያ ስትያቸው ፊታቸው ሊበራ ይችላል፤ ራስታ ከሆኑማ ሊያቅፉሽ ይችላሉ። አትሳቂ። ቅድመ አያቶቻቸው ስማቸውንና ቋንቋቸውን የተነጠቁ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያገኙትን ኢትዮጵያ የሚል ስም አጥብቀው ያዙ። ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን መንገድ ካስለቀቀ በኋላ ነው የወረዱት። ሻሸመኔ ላይ የሰፈሩትም በጣልያን ወረራ ጊዜ ለደገፉን የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች በተሰጠ መሬት ላይ ነው።

እምነታቸውን ተቀበዪ አላልኩም። ግን እንደ ንጹሕ ሰውም አትቁሚ። በእኛም አገር ባርነት ነበር፣ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ይህንንም እናንተ ሳትማሩት አልፌዋለሁ።

ስድስቱን ቀን ዋኙ፣ ተኙ፣ ፎቶ ተነሱ። የደከማችሁበት ዕረፍት ነው፣ ይገባችኋል። አንዱን ቀን ግን ከሆቴሉ አጥር ውጡና አደባባዩ ላይ ትንሽ ቁሙ። እዚያ የተሰቀለው ሰው ከገና ዕረፍት ማግስት ያለ ደመወዝ አንሠራም ያለ ሰው ነው።

ጃማይካ የኖራችሁ ወይም የሄዳችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፣ ጨምሩበት። አንቺም ስትመለሺ ጻፊልኝ። መልካም ጉዞ!