ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፦ በአንድ ግብዣ ሠራዊታቸውን ያጡት የሲዳሞ ገዥ

«ባልቻ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አድዋን ነው፤ መድፉን፣ «አባ ነፍሶ»ን። እኛ ግን ዛሬ ብዙም የማይወራውን የባልቻን ታሪክ ይዘን መጥተናል፤ አገረ ገዥውን ባልቻ።

የተወለዱት ጨቦ ውስጥ፣ አገምጃ በሚባል ቦታ ነው፤ ወሊሶ አካባቢ ማለት ነው። (ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ራሱን ችሎ ዞን ሳይሆን በፊት ወሊሶም እንደ አምቦና ጉደር ምዕራብ ሸዋ ነበረች። ስለዚህ የአምቦ ልጆች፣ ሰውየው የእናንተም ናቸው!) በልጅነታቸው የምኒልክ ጦር ጨቦን ሲወጋ ቆስለው ተማረኩ፣ ያደጉትም ቤተ መንግሥት ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ከዚያው ከጨቦ ተማርከው መጥተው በኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑ ናቸው። ባልቻ አድዋ ላይ በጅሮንድ ነበሩ፤ የግምጃ ቤቱም የመድፈኛውም ኃላፊ።

ከድሉ በኋላ ሲዳሞ ተሰጣቸው። «ተሰጣቸው» ስንል የምር ነው። በዚያ ዘመን ገዥው ዳኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ የጦር አዛዥም ነው። ወታደሩ ከአዲስ አበባ ደሞዝ አይጠብቅም፤ በደሞዝ ፋንታ ገባር ይመደብለታል። ገበሬው እህሉንም ጉልበቱንም ለወታደሩ ይሰጣል። ወታደሩ ደግሞ የሚያውቀው ያበላውን ጌታ ነው። ባልቻን ጀግና እያልን የሲዳሞን ገባር መርሳት አይሆንም፤ አገዛዛቸው ከባድ ነበር።

ይሄ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቻይና የታንግ ነገሥታትም ድንበር ላይ ጦሩንም ግብሩንም ለአንድ ሰው ያስረክቡ ነበር፤ ጂየዱሺ ይሏቸዋል። ከነሱ አንዱ አን ሉሻን በ755 እ.ኤ.አ. ጦሩን ይዞ አመፀ፣ ንጉሡም ከዋና ከተማቸው ሸሹ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪም የፈሩት ይህንኑ ነው። በ1902 ሐረርን ከባልቻ ላይ ተረክበው ስለነበር በሁለቱ መካከል ፍቅር አልነበረም። ባልቻ የምኒልክና የዘውዲቱ ሰው ናቸው፣ የተፈሪን አዲስ አሠራር አይወዱም። ትልቁ አጋር ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ሲሞቱ ደግሞ ባልቻ ብቻቸውን ቀሩ።

በ1920 ተፈሪ «አዲስ አበባ ይምጡ» ብለው ጠሯቸው። ባልቻ መጡ፤ ግን በሺዎች የሚቆጠር ጦር አስከትለው። ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ አልተቆጡም፣ ግብር አዘጋጅተው ጋበዟቸው። ባልቻ የተመረጡ ጠባቂዎቻቸውን ይዘው ገቡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሰፈሩ ላይ ግን ሌላ ሥራ እየተሠራ ነበር። ራስ ካሣ ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ ወደየቤቱ ሸኙት።

ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው! ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጥቷል። አንድም ጥይት ሳይተኮስ የሠላሳ ዓመት ኃይል በአንድ ቀን አለቀ። እንደኛ አስተያየት በዚያ ዘመን ፖለቲካ እንዲህ ያለ ብልጠት ጥቂት ነው። ባልቻ እንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ተጠጉ፣ በኋላ እጃቸውን ሰጡ፣ ታሰሩ። ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ንጉሥ ተባሉ።

ባልቻ ሲፈቱ መንነው ከፖለቲካው ራቁ። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ግን ሽማግሌው እንደገና ጠመንጃ አነሱ። ያኔ ግዛትም የመንግሥት ጦርም የላቸውም፤ ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል። በ1929 መጀመሪያ ላይ በተወለዱበት በጨቦ ምድር ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ሞቱ። አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ «ባልቻ» የምንለው ሆስፒታል የተሰየመው በእሳቸው ነው።