ልብሱን ካደረስን በኋላ

ውድ ወጣቶች፣ በበዓል ሰሞን ዳቦና ሳሙና ይዛችሁ ወደ ማረሚያ ቤት ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ዘምራችሁ፣ ጸልያችሁ ተመልሳችኋል። መልካም አደረጋችሁ። ዛሬ ግን እንደ እናንተው ልብስ ይዛ ወደ ወህኒ የገባች፣ በዚያ ግን ያላበቃች አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ።

በ1813 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለች የኩዌከር ማኅበር ክርስቲያን ለንደን ውስጥ ወደሚገኘው የኒውጌት ወህኒ ቤት ገባች። 300 ያህል ሴቶች ከነልጆቻቸው በጥቂት ክፍሎች ተፋፍገው አየች። የተፈረደባትም፣ ጉዳይዋ ገና ያልታየላትም አንድ ላይ ነበሩ። እዚያው ያበስላሉ፣ እዚያው ያጥባሉ፣ ወለሉ ላይ ይተኛሉ። ለሕፃናቱ ልብስ፣ ለታመሙት መኝታ ንጹሕ ገለባ አደረሰች።

ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ። የብዙ ልጆች እናት ነበረች፤ በዚያው ጊዜ አንዲቱን ልጇን በሞት አጣች። በ1816 መጨረሻ ስትመለስ ግን በመጀመሪያ እናቶቹን አማከረች። ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስተማሪዋንም እስረኞቹ ከመካከላቸው መረጡ። በ1817 ከአሥራ ሁለት ከማይበልጡ ጓደኞቿ ጋር ማኅበር አቋቋመች። ባለ ሥልጣናቱ አይሆንም ቢሉም ሴቶቹ ልብስ መስፋት ጀመሩ። የሚተዳደሩበት ደንብ አንድ በአንድ እየተነበበላቸው እጃቸውን አውጥተው አጸደቁት። በ1818 ፍራይ ያየችውን በፓርላማ ኮሚቴ ፊት መሰከረች። የ1823ቱ ሕግ ሴት እስረኞች በሴቶች እንዲጠበቁ አዘዘ። አስፈጻሚ ግን አልነበረውም፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የመጡት በ1835 ነው።

ወህኒ ቤት ለምን ይሞላል? ይህን ከእርሷ 40 ዓመት ቀድሞ የጠየቀ ጆን ሃዋርድ ነው። በ1773 የቤድፎርድሻየር ሸሪፍ ሆኖ ሲሾም የወህኒ ቤቶቹን ደጃፍ አልፎ ገባ። ፍርድ ቤት በነፃ የለቀቃቸው ሰዎች ተመልሰው ታስረው አገኘ። ምክንያቱም የወህኒ ጠባቂው ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው ከእስረኞች በሚቀበለው ክፍያ ነው። ያልከፈለ አይወጣም! በቀጣዩ ዓመት ፓርላማው ነፃ የወጣ ሰው ያለ ክፍያ እንዲለቀቅ ደነገገ። እነዚያን ሰዎች ዳቦ ብቻውን አያስወጣቸውም ነበር።

እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ ከማረሚያ ቤት የምመለሰው ስንት ሳሙና እንዳደረስን ቆጥሬ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ወዳጆቼ፣ በማቴዎስ 25 ጌታችን ስለ ታሰሩት የተናገረውን በቃላችን እናውቀዋለን። እንግዲህ በሚቀጥለው ጉብኝት ሳሙናውን አትተዉ፤ ጥያቄውንም ጨምሩበት። ቀጠሮው የተራዘመበት አለ? ዋስትና ተፈቅዶለት ገንዘቡን ያጣ አለ? እናቷ ታስራ አብራት ያለች ሕፃንስ? ከጉባኤያችሁ መካከል የሕግ ባለሙያ አይጠፋም፤ ሄዳችሁ አማክሩት። የተበደለ ሰው መኖሩንም አትርሱ፤ ፍትሕ ለእርሱም ነው። ፍራይ የጀመረችው ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር ነው። የእናንተ ኅብረት ስንት ሰው አለው?