የአሜሪካ ፍርዶች ከመደርደሪያ ወደ ኤፒአይ

በዩናይትድ ስቴትስ የፍርድ ቤት ውሳኔ በተከራካሪዎቹ ላይ ብቻ ሳይወሰን ወደፊት የሚነሣውን ተመሳሳይ ጉዳይም የሚገዛ በመሆኑ፣ ሕጉን ማወቅ የቀደሙትን ፍርዶች ማወቅን ይጠይቃል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1834 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዊተንና በፒተርስ ክርክር፣ ዳኞች በጻፉት ፍርድ ላይ ማንም የቅጂ መብት እንደሌለው ቢወስንም፣ ፍርዶቹን አሰባስበው የሚያትሙት በአብዛኛው የግል ድርጅቶች ስለነበሩ የሕዝብ የተባለው ጽሑፍ በተግባር በገንዘብ የሚገኝ ሆኖ ኖረ። በ1973 ሌክሲስ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ዌስትሎው በኮምፒዩተር የሚፈለግ ክምችት ሲያቀርቡ ፍለጋው ቢፈጥንም ክፍያው አልቀረም።

በ1988 የተቋቋመው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ፣ ፔሰር፣ እንኳ ተመልካቹን በገጽ ያስከፍላል። በ2009 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሪካፕ የተባለ ፕሮግራም ተጠቃሚው ከፔሰር ከፍሎ ያወጣውን ሰነድ ቅጂ ለነጻ ክምችት ያስረክብ ጀመር፤ ይህም ክምችት በኋላ ኮርትሊስነር በተባለው አገልግሎት በኤፒአይ ተከፈተ። ኤፒአይ አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበትና መልሱን አስቀድሞ በታወቀ ቅርጽ የሚቀበልበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሰው አንድ በአንድ የሚገልጠውን ፍርድ ኮምፒዩተር በፍርድ ቤት፣ በዓመት ወይም በጥራዝ ለይቶ በብዛት እንዲወስድ ያስችላል።

ከሁሉ የላቀው ድካም የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድካም ነው። ከ2013 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 40,000 ያህል ጥራዞች ስፌታቸው እየተቆረጠ 40 ሚሊዮን የሚደርስ ገጽ ስካን ተደረገ፤ ከ1658 ጀምሮ የተሰጡ ከ6 ሚሊዮን በላይ ፍርዶችም ወደሚፈለግ ጽሑፍ ተለወጡ። ወጪውን የሸፈነው ሬቭል ሎው የተባለ ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት የንግድ መብቱን በመያዙ፣ በ2018 የተከፈተው ኤፒአይ ለአንድ ተጠቃሚ በቀን ከ500 ፍርድ በላይ አይሰጥም ነበር። ስምምነቱ የሚያስነቅፍ ጎን ቢኖረውም ገደቡ ማብቂያ ጊዜ የተቆረጠለት መሆኑ አርቆ አሳቢነት ነው። ፍርዶቻቸውን ራሳቸው በዲጂታል መልክ የሚያትሙት ኢሊኖይና አርካንሳስ ግን ከመጀመሪያው ከገደቡ ነጻ ነበሩ፤ ለአብዛኞቹ ሌሎች ገደቡ የተነሣው በ2024 ነው። በዚያው ዓመት ሃርቫርድ ፍርዶቹን በሙሉ ማንም ሊያወርዳቸው በሚችላቸው ፋይሎች አስቀምጦ የራሱን ኤፒአይ ዘጋ፤ የፍለጋውም ሥራ ወደ ኮርትሊስነር ተሻገረ።