ቀይ ቀለም የሌለው ገጽ

ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ተነስቶ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የተጓዘ ሰው ኮሌጅቪል ይደርሳል። እዚያ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀምጠዋል። ማንሳቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር።

ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብዕሩን ከመንከሩ በፊት ገጹን ያበጃል። የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። ብዙው መጽሐፍ በሁለት ዓምድ ሲጻፍ ዳዊት ግን በአንድ ነው፤ የመዝሙሩ ስንኝ ሁሉ የራሱ መስመር አለውና። ቦታ ያጠረው ቃል ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ይንጠለጠላል። ዳዊት የሚደግም ሰው ዐይኑ የማይስተው ስለዚህ ነው።

ቀዩ ቀለም ደግሞ መንገድ መሪ ነው፤ የምዕራፍ መነሻ፣ የማርያምና የቅዱሳን ስም፣ ብዙ ጊዜም የባለመጽሐፉ ስም በእርሱ ይጻፋል። ባለቤት ሲለወጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ ሌላ ይገባል። ብራናውን የያዘ ሰው ፍቁን በጣቱ ይዳስሰዋል። በፊልም ላይ ቀዩም ፍቁም ግራጫ ነው።

በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው ከተሽከርካሪ ወንበር ያልተነሱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካታሎግ ያዘጋጁት ይህን ግራጫ እያነበቡ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ፊልሞች በኢንተርኔት ይታያሉ። ቀለሙን የፈለገ ግን ብራናው ወዳለበት ደብር መሄድ አለበት።