«ስሎግ አዌይ» እና ትራክተር የተወው ሥራ

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችንን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ፣ ግሥ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ፍቺ ሲያወጣ ነው። «ስሎግ አዌይ» ከእነዚህ ወገን ነው። ብዙዎቻችን «በርትቶ ሠራ» ብለን ፈትተን እናልፈዋለን። ፍቺው ሐሰት አይደለም፤ የቃሉን ግማሽ ግን ያስቀራል።

«ስሎግ» በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኃይል መምታት ማለት ነበር። ቆይቶ እግርን እየጎተቱ መጓዝን፣ ከዚያም አሰልቺ ሥራን መግፋትን ያመለክት ጀመር። «አዌይ» የምትባለው ቃል «ጎ አዌይ» ስንል መራቅን ታሳያለች፤ እዚህ ግን የምትናገረው ሥራው አለማቋረጡን ብቻ ነው። በቃሉ ውስጥ ምስጋና የለም፤ ሥራው ፍሬ ያፈራል የሚል ተስፋም የለም። በአማርኛችን «ደፋ ቀና ማለት» ይቀርበዋል፤ እንዲያውም የእኛው ይሻላል እንላለን፤ የሠራተኛው ወገብ ይታይበታልና።

ይህ ደፋ ቀና በገሃድ የሚታይበት አንዱ አገር የምሥራቅ ሱዳን የገዳሪፍ ሜዳ ነው። በ1944 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦሩ እህል ለማቅረብ በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማሳረስ ጀመረ። በ1954 እርሻው ለግል ባለሀብቶች ተለቀቀ። በ1968 ደግሞ የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቋቁሞ መሬቱ ይበልጥ ሰፋ። የአገሩ አፈር ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ስለሆነ በሞፈርና በቀንበር እምብዛም አይደፈርም ነበር፤ ትራክተሩ ግን ደፈረው።

ይሁንና ትራክተሩ የሠራው ማረሱንና መዝራቱን ነው። አረሙ ለሰው ተረፈ፤ ማሽላውን ከሥሩ የሚመጠው አቀንጭራም ጭምር። የሰሊጡ አጨዳማ ከሁሉ ይብሳል። የሰሊጥ ፍሬ ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ዘሩን ስለሚያፈስ፣ ሳይደርቅ በማጭድ መታጨድ፣ በነዶ መታሰርና ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሲደርቅ ነዶው በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ምርቱን ለመሬት ይሰጣል። እንግዲህ መኪናው በርካታ መሬት ባረሰ ቁጥር የሚያርመውና የሚያጭደው እጅ ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እርሻው «ሜካናይዝድ» መባሉ ግማሽ እውነት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ያ እጅ ከምዕራብ ሱዳንም ከኢትዮጵያም መጣ። ወሰኑን ወዲህ ተሻግረን በመተማና በሁመራ እርሻዎች ለወቅቱ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ «ሳሉግ» ሲሉት እንሰማለን። ድምፁ ከ«ስሎግ» ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ተማሪ ግን ቃሉን እንዲያስታውስ ይረዳዋል።

ስደተኞችም ከዚህ ሥራ አልራቁም። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚሁ አገር ሰፍረው፣ ብዙዎቹ በትላልቁ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ40,000 በላይ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሱዳን ተሻገረ። መጀመሪያ ኡም ራኩባ፣ ከጥር 2021 አንሥቶም ቱነይድባ መጠለያ ሆኑ። ከመጡት መካከል የራሱን ሰሊጥ ሳይሰበስብ የወጣ ገበሬ ነበረ፤ በሰው ማሳ ላይ ለቀን ዋጋ ያጎነበሰም ነበረ።

ወደ ሰዋስዉ ስንመለስ፣ ሥራው ሲጠራ «አት» መግባት አለበት። «ዴይ ስሎግድ አዌይ ዘ ዊዲንግ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይታረም፤ ትክክሉ «ዴይ ስሎግድ አዌይ አት ዘ ዊዲንግ» ነው። ወደ አማርኛ መልሱ ሲባልም «አረሙን በርትተው ሠሩ» ከሚለው ይልቅ «በአረሙ ላይ ደፋ ቀና ሲሉ ከረሙ» ላለው ሙሉ ነጥብ ቢሰጥ እንመርጣለን።