ፍርስራሹ የጋያር ምሽግና ከበሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች

ከፓሪስ ተነሥቶ የሴንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሩዋን የሚወርድ መንገደኛ፥ ወንዙ በሚታጠፍበት ስፍራ በነጭ ገደል ላይ የቆመ የፈረሰ ግንብ ያያል። ስሙ ሻቶ ጋያር ይባላል። ከገደሉ በታች ትንሹ አንደሊ የሚባለው መንደር አለ፤ በመካከሉም ከግንቡ ጋር በአንድ ዘመን የተሠራችው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆማለች።

ግንቡን ያሠራው ልበ አንበሳ የተባለው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ነው። እርሱ የኖርማንዲም መስፍን ነበረና፥ የፈረንሳዩን ንጉሥ የፊልጶስ አውግስጦስን መንገድ ለመዝጋት አስቦ በ1196 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በ1198 ፈጸመው። ቦታው ግን የንጉሡ አልነበረም፤ የሩዋን ሊቀ ጳጳስ የዋልተር ርስት ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ርስቱ ያለ ፈቃዱ ቢወሰድበት ኖርማንዲን በሙሉ ገዘተ። ቅዳሴ ተቋረጠ፤ ሙታንም ሳይቀበሩ በየመንገዱ ተጋድመው እንደ ነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ተናግሯል። በ1197 ሊቀ ጳጳሱ የዲየፕን ወደብና ሌላም ርስት በለውጥ ተቀብሎ ታረቀ። ንጉሥ በነጠቀው መሬት ምክንያት የድኻው ሬሳ መቃብር ማጣቱን ፍርድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሪቻርድ በ1199 ሞተና ወንድሙ ዮሐንስ ነገሠ። በ1203 ፊልጶስ ምሽጉን ከበበ። የመንደሩ ሰዎች ሸሽተው ወደ ግንቡ ገብተው ነበር፤ የምሽጉ አዛዥ ሮጀር ደ ላሲ ግን ስንቁ እያነሰ መሄዱን ባየ ጊዜ መዋጋት የማይችሉትን ከፍሎ ከፍሎ አስወጣቸው። ፊተኞቹን ፈረንሳዮች አዘኑላቸውና አሳለፏቸው። ከዚያ በኋላ ፊልጶስ ማንም እንዳያልፍ አዘዘ። የመጨረሻዎቹ በወጡ ጊዜ በፍላጻ ተመለሱ፤ ወደ ምሽጉ ቢሮጡ በሩ ተዘግቶ ቆያቸው። ሽማግሌ፥ ሴትና ሕፃን በሁለቱ ጦር መካከል በገደሉ ላይ የብርዱን ወራት ሣርና የውሻ ሥጋ እየበሉ ሰነበቱ። ይህን የጻፈው የፊልጶስ የራሱ ቄስ ጊዮም ለ ብሬቶን ነው። ጌታውን ለማመስገን የተነሣ ጸሐፊ ይህን አለመሸሸጉ ምስክርነቱን የታመነ ያደርገዋል። በመጨረሻ ፊልጶስ መከራቸውን አይቶ ምግብ ተሰጥቷቸው እንዲያልፉ ፈቀደ፤ ብዙዎቹ ግን አስቀድመው አልቀው ነበር።

ምሽጉም ቢሆን በዚህ አልዳነም። ጥቂት ጭፍሮች ዮሐንስ በጨመረው ሕንፃ በኩል ሾልከው ገቡ፤ በጸሎት ቤቱ መስኮት ነው የሚል አለ፥ በመጸዳጃው ቀዳዳ ነው የሚልም አለ። በመጋቢት 6 ቀን 1204 ግንቡ ተያዘ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሩዋን እጇን ሰጠች።

በ1599 ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ግንቡ እንዲፈርስ ፈቀደ፤ የካፑቺን መነኮሳትም ለገዳማቸው ማደሻ ድንጋዩን ወሰዱ። ዛሬ ወደዚያ የሚወጣ ጎብኚ አስቀድሞ የዋናውን ግንብ ውፍረት ያደንቃል። ሰዎቹ የከረሙበት ስፍራ ከበሩ ውጭ፥ ከእግሩ በታች ነው፤ ሣር ለብሷል።